ስለ አሥራ አንድ ቁጥር ኮምፒዩተር ዝምታ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሉልሰገድ ሲሞን
የመስኮት ዲጂታል ምዘና ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ፒያሳ፣ አራዳ

ግልባጭ፦ ለማዕከሉ ንብረት ክፍል፤ ለማዕከሉ የቅሬታ ዴስክ፤ ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሹ አጥሮት ሱቄ በር ላይ ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ወገብዎ ከአዲሱ ተሽከርካሪ ወንበር ጋር ተስማምቶ፣ ደም ግፊትዎም ስኳርዎም በልኩ ሆኖ፣ በተለይ ደግሞ ዓይንዎ እስከ እርጅናዎ ድረስ ጠርቶ እንዲቆይልዎ እመኛለሁ። ዓይኑን ያጣ ሰው በእርስዎ ማዕከል ምን እንደሚገጥመው በቅርብ ስላየሁ ይህን ዕጣ ለጠላቴ እንኳ አልመኝም፤ ለእርስዎማ ጭራሽ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ኡሙሀኒ የሲን እባላለሁ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ አባቴ የጽሕፈት መኪና ይጠግንባት በነበረችው ሱቅ ውስጥ ኮምፒዩተር መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የማዕከልዎን አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች ላለፉት ስድስት ዓመታት አቧራቸውን እያራገፍኩ፣ የወደቀውን እያነሳሁ በውል የማገለግለው እኔ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ ላይ «ያቺ ሽቦ የምትቀጥለው ሴትዮ» ብለው የጠቀሱኝም እኔው ነኝና፣ በዚያ ሁሉ ጉዳይ መካከል ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ።

የምጽፍልዎ ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ መምህርት ተሾመች ዘገዬ ነው። ተሾመች ዓይነ ስውር ናት፤ አምስት ኪሎ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ ስታስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ግንቦት 23 ቀን በማዕከልዎ ለመምህራን ብቃት ምዘና ቀርባ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማዳመጫ በጆሮዋ ላይ አድርጋ አንዲት ቃል ሳትሰማ ወጣች፤ መዝገብዎ ግን «ፈተናውን በራሷ ፈቃድ አቋርጣለች» ይላል። በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ ሰው በደንብዎ መሠረት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዳግመኛ አይቀመጥም። ትምህርት ቤቷ ደግሞ የብቃት ወረቀቷን እስከ ሰኔ 30 ካላመጣች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥ በጽሑፍ አስታውቋታል። ዛሬ ሰኔ 16 ነው፤ ጉዳዩ ይኸው ነው። ለዚህ ያበቁንን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ላመስግንዎ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፤ ወይዘሪት ፅናትን ስላሳረፉልን አመሰግናለሁ። ፅናት ለስድስት ዓመታት በዚያ አዳራሽ ጥግ ተቀምጣ፣ ዓይነ ስውር ለሆኑ ተፈታኞች ጥያቄውን ሳትጮህና ሳትቸኩል፣ በየመካከሉ «ልድገመው?» እያለች ስታነብላቸው የኖረች ሠራተኛ ናት። እርስዎ በተሾሙ በሁለተኛው ወር ይህ «ኋላ ቀር አሠራር» ሆኖ ተገኘና፣ የምስጋና ምስክር ወረቀት ተሰጥቷት በር ላይ ስም መዝጋቢ ሆነች። በምትኳ «አንባቢ» የሚባለውን፣ ጽሑፍን በአማርኛ ድምፅ የሚያነበውን ፕሮግራም ራስዎ ሠርተው አመጡ። እውነቱን ለመናገር ሥራው መጥፎ አይደለም፤ ድምፁ ያምራል፣ ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ እንደ ሰው ይተነፍሳል። የማይችሉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፤ የማይችል ሰው ይታዘንለታል።

፪ኛ፤ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም የኮምፒዩተሩ አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር ወደሚፈጽማቸው ትእዛዞች የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ይህን መሣሪያ «አሮጌውም አዲሱም ፕሮሰሰር በሚያውቃቸው ትእዛዞች ብቻ ሥራልኝ» ማለት ይቻላል፤ «እኔ በተቀመጥኩበት በዚህ ማሽን ላይ ያለውን ችሎታ ሁሉ ተጠቀም» ማለትም ይቻላል። እርስዎ የመረጡት ሁለተኛውን ነው። አዲሱ ላፕቶፕዎ ስምንት ቁጥሮችን በአንድ ትእዛዝ የሚደምር ፕሮሰሰር ስላለው፣ አንባቢውም ከአናት እስከ እግሩ በዚያው ዓይነት ሰፊ ትእዛዝ ተሞላ። በምርቃቱ ዕለት «ሦስት እጥፍ ይፈጥናል» ሲሉ አጨብጭበናል። ድምፁ የሚናገረው ግን ሰው በሚሰማበት ፍጥነት ስለሆነ፣ በሱቄ ስለካው ያ ሁሉ ፍጥነት የሚያስገኘው ጥቅም አንባቢው ከመናገሩ በፊት ያለችውን ዝምታ በሩብ ሰከንድ ማሳጠር ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ለተሾመች በዚያች በተረፈላት ሩብ ሰከንድ ላይ ሁለት ሰዓት ዝምታ ተመርቆላታል።

፫ኛ፤ ስለ ርክክቡ። ደንባችን «ማንኛውም ፕሮግራም በማዕከሉ ኮምፒዩተር ላይ ተፈትሾ ይረከባል» ይላል። የማዕከሉ ኮምፒዩተሮች አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም ያገለገሉ ሆነው የተገዙ ሲሆን፣ የሁሉም ታናሽ የሆነው አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። በርክክቡ ዕለት እርስዎ ላፕቶፕዎን ከቢሮዎ ይዘው ወደ አዳራሹ ገቡና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፤ ወዲያው የንብረት ቁጥር ያለበት ወረቀት ከጀርባው ተለጠፈበትና አሥራ ሦስተኛው የማዕከሉ ኮምፒዩተር ሆነ። አንባቢው በላዩ ላይ ያለ እንከን አነበበ። ሰባት ሰዎች ቃለ ጉባኤ ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ፣ ለስላሳና ኬክ ቀረበ፣ ላፕቶፑም ወረቀቱን እንደለጠፈ ወደ ቢሮዎ፣ ከቢሮዎም ወደ መኖሪያ ቤትዎ ሄደ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ ኩበቱን በሰባት ፊርማ የሚያጸድቅ ኮሚቴ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። ከኬኩ ለእኔም ደርሶኛል። አፌን በኬክ ሞልቼ ዝም ማለቴን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቁጣ ሁሉ ለእርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎ።

፬ኛ፤ ስለ ጥገናዎ። በማግስቱ አንባቢው በአሥራ ሁለቱም ላይ ሲጫን በአሥራ ሁለቱም ላይ ገና አፉን ሳይከፍት ቆመ። ፕሮሰሰር የማያውቀው ትእዛዝ ሲደርሰው አይገምትም፣ አያጉረመርምም፤ ፕሮግራሙን እዚያው ያስቆመዋል። ይህንኑ በደብዳቤ ገለጽኩልዎ፤ እርስዎም በአምስተኛው ቀን ያረሙትን ላኩ። አዲሱ አንባቢ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፕሮሰሰሩን «ሰፊዎቹን ትእዛዞች ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አላውቅም» ካለው በተለመደው መንገድ ይሠራል። በዚህም አሥሩ ኮምፒዩተሮች ዳኑ። የቀሩት አሥራ አንድ ቁጥርና አሥራ ሁለት ቁጥር ናቸው። እነዚህ ከሌሎቹ አዲስ ስለሆኑ ፕሮሰሰራቸው ሲጠየቅ «አውቃለሁ» ይላል፤ ውሸቱንም አይደለም።

ችግሩ ከፕሮሰሰሩ በላይ ሌላ የሚጠየቅ መኖሩ ነው። ማሽኑን የሚያስተዳድረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ፕሮሰሰሩ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዞር በእጁ የያዘውን ቁጥር ሁሉ ተቀብሎ ያስቀምጥለታል፤ ሲመለስም ያስረክበዋል። በሁለቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አሮጌ ስለሆነ፣ ሰፊዎቹ ትእዛዞች የሚሠሩበትን ሰፊ መያዣ እንዴት እንደሚያስቀምጥ አያውቅም፤ ስለማያውቅም አይፈቅድም፤ ፕሮሰሰሩም ችሎታው እያለው እምቢ ይላል። አትክልት ተራ ቆመው ቢያዩ ይገባዎት ነበር፤ ተሸካሚው ኩንታል ድንች ማንሳት መቻሉ ብቻውን አይበቃም፣ የሚረከበው መጋዘን ያስፈልጋል። አንባቢው ሁለቱንም መጠየቅ ነበረበት፤ ጥያቄው ደግሞ በእርስዎ ሙያ ጥቂት መስመር ነው። እርስዎ ሙሽሪትን ብቻ ጠይቀው፣ ወላጆቿን ሳይጠይቁ ድንኳን ጣሉ።

ለእነዚህ ለሁለቱ ኮምፒዩተሮች የኦፐሬቲንግ ሲስተም ማሻሻያ እንዲጫንላቸው በጥቅምት ወር በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። ማሻሻያው ነፃ ነው፤ የሚፈልገው አርባ ደቂቃና የእርስዎን ፊርማ ነው። «በበጀት ዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ያልተካተተ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» የሚለውን መልስዎን በፍሬም አድርጌ ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ደንበኞቼ ሲጠብቁ ያነቡታል፣ ወረፋውም ይቀላቸዋል።

፭ኛ፤ ስለ ደግነትዎ። በፈተናው ዕለት ሦስት ዓይነ ስውራን ተፈታኞች ነበሩ። ሁለቱ በአሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ተቀምጠው፣ ሰምተው፣ መልሰው፣ አልፈው ሄዱ። መምህርት ተሾመች ግን የአሥራ አራት ዓመት መምህርት በመሆኗ ለክብሯ ሲባል ከሁሉ የተሻለው ኮምፒዩተር እንዲሰጣት አዘዙ፤ ከሁሉ የተሻለው አሥራ አንድ ቁጥር ነው። ማዳመጫውን አደረገች፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነች፣ ምንም አልተሰማትም። ፈታኙን አቶ አርአያን ጠራችው፤ ማያ ገጹ ላይ ጥያቄው ቁልጭ ብሎ ይታየው ስለነበር «መምህር፣ ድምፁ እየጫነ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ» አላት። ሦስት ጊዜ ጠራችው፣ ሦስት ጊዜ ታገሺ ተባለች።

በኋላ ሱቄ መጥታ ስትነግረኝ እንዲህ አለችኝ፤ «ኡሙዬ፣ ጆሮዬም ሄደ ብዬ ነው የደነገጥኩት።» ዓይኗን በሰባት ዓመቷ ያጣች ሴት፣ በፈተና አዳራሽ መካከል ተቀምጣ፣ የቀራትም ጆሮ የሄደ መስሏት፣ ማዳመጫውን ከፍ አድርጋ በጆሮዋ አጠገብ ጣቷን እያጮኸች ትሰማ እንደሆነ ትሞክር ጀመር። ይህን ጊዜ አቶ አርአያ ፈጥኖ መጣ። ሌሎችን እንዳትረብሽ አስጠነቀቃትና ሄደ። ፅናት በዚያ ሰዓት ከበሩ ውጭ፣ ከተሾመች ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጣ ስም ዝርዝር ታሰምር ነበር። ጥያቄውን ለማንበብ ሃያ ደቂቃ አይፈጅባትም፤ ወደ አዳራሹ እንዳትገባ የሚከለክላት ግን የእርስዎ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፏል። ተሾመች እስከ አምስት ሰዓት ተቀመጠች። ያቋረጠ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ አይቀመጥም፤ ይህን ለማወቅ ፕሮሰሰር አያስፈልግም።

፮ኛ፤ ስለ ቅጹ። በፈታኙ ቅጽ ላይ ሦስት ሳጥኖች አሉ፤ «አጠናቋል»፣ «አልቀረበም»፣ «በራሱ ፈቃድ አቋርጧል»። «ማዕከሉ በድሎታል» የሚል አራተኛ ሳጥን ስለሌለ፣ አቶ አርአያ ከሦስቱ የቀረበውን መረጠ። እሱን ብዙም አልወቅሰውም፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማድረግን የተማረው ከቅጹ ነው፤ ቅጹን ያዘጋጁት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ቅሬታ ስታቀርብ የመለሱላትን እዚህ ላይ ቃል በቃል ልጥቀሰው፤ «በቃለ ጉባኤ በተረጋገጠው መሠረት አንባቢ ፕሮግራሙ በማዕከሉ ኮምፒዩተር ላይ በትክክል ስለሚሠራ ቅሬታው መሠረት የለውም።» ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ስጨርስ እንድደግመው ጠየቀችኝ፤ ደገምኩት፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ አመስግናኝ ሄደች። ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከፈተናው በኋላ በሦስተኛው ቀን ያለ ፊርማዎ ማሻሻያውን በአሥራ አንድ ቁጥር ላይ ጭኜዋለሁ። ከመጫኔ በፊት ማሽኑ በግንቦት 23 ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ጀምሮ፣ ተሾመች ቁልፉን በተጫነች ቁጥር «የማይፈቀድ ትእዛዝ» ብሎ የመዘገበውን ገልብጬ አስቀምጫለሁ፤ አርባ አንድ ጊዜ ተጭናለች። ከጫንኩ በኋላ የእርስዎ አንባቢ፣ ያው የእርስዎ አንባቢ፣ አንድ ፊደሉ ሳይነካ፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ ጥያቄ አንድን አነበበ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ማዕከሉን ሳላስፈቅድ በመሥራቴ ውሌ በሐምሌ እንደማይታደስ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የሚያስፈራሩኝ ነገር የለዎትምና እንዳይደክሙ።

እንግዲህ የቀረልዎ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው። ያ ላፕቶፕ የማዕከሉ ኮምፒዩተር ከሆነ፣ ወደ አዳራሹ ይመለስና ተሾመች በላዩ ላይ ትፈተን፤ እስከ ዛሬም በመኖሪያ ቤትዎ ምን ሲሠራ እንደቆየ ለንብረት ክፍል ያስረዱ። የተለጠፈበትን የንብረት ቁጥር ጽፌ ማመልከቻዬን ትናንት ለክፍሉ አስገብቻለሁ። የእርስዎ የግል ዕቃ ከሆነ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ሐሰት ነው፣ አንባቢው በደንቡ መሠረት ተፈትሾ አያውቅም፣ መምህርት ተሾመችም ያቋረጠችው ነገር የለም፤ ያልተጀመረ አይቋረጥምና። በሁለቱም መንገድ ያቺ ሳጥን ከሰኔ 30 በፊት መሰረዝ አለባት። ሦስተኛ መንገድ ካገኙ፣ ለምሳሌ ደብዳቤዬ በቃለ ጉባኤ እንዳልተጻፈ ቢረጋገጥ፣ አልደነቅም።

ተሾመች ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፈው ለምናኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያኗ ስለ እርስዎ እንደሚጸለይ፣ ልብዎም እንደሚራራ ነግራኛለች። እኔም ለእርስዎ ዱዓ ለማድረግ ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ግማሽ ላይ ንዴት እየቀደመኝ ተውኩት። የእሷን ትዕግሥት አላህ አልሰጠኝም። ሰው የራሱን ሥራ በራሱ ዕቃ ፈትኖ፣ ራሱ ተረክቦ፣ ውድቀቱን ማየት በማትችል ሴት ስም ሲያስመዘግብ ዝም ብሎ ማየት ከቻልኩ፣ ዓይን ቢኖረኝም ምን ሊረባኝ ነው።

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለኮሚቴዎ ሰባት ፈራሚዎችና ለማኅተሙ ሳይቀር ያለኝን አክብሮት፣ በማዕከሉ ውስጥ ለዓይነ ስውራን በሚሰጠው አክብሮት ልክ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እየገለጽኩ፣ በፍጥነቱ ሦስት እጥፍ የሆነ መልስዎን በሱቄ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ኡሙሀኒ የሲን
ኮምፒዩተር ጠጋኝ፤ ሽቦም ቀጣይ
ሰኔ 16 ቀን፣ ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ላትም ስል ሱቄ ወደመጣችው መምህርት ተሾመች ስልክ ከማዕከልዎ መልእክት ገባ። «ስለ አገልግሎታችን ያለዎትን እርካታ ከሚታዩት ፊቶች አንዱን በመንካት ይግለጹልን» ይላል። ስልኳ ሊያነብላት ሞክሮ «ምስል፣ ምስል፣ ምስል፣ ምስል፣ ምስል» ብሎ ተወው። ስልኩን ሰጠችኝና «ከእነዚህ ያፈረው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አምስቱንም አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ያፈረ የለም አልኳት።